የተማሩትን መልሶ ማጣት፦ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ ጨለለቅቱ የመማሪያ ክፍል

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት በየዓመቱ ከመምህራን የሚሰማ አንድ ስሞታ አለ። ባለፈው ሰኔ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነብ የነበረው ልጅ አሁን በአንድ ቃል ላይ ይሰናከላል፤ በብድር መቀነስን አጣርቶ ያውቅ የነበረው ደግሞ ጣቱን ይቆጥራል። መምህሩም ወይ የቀደመውን ዓመት መምህር ያማል፣ ወይ ተማሪውን ሰነፍ ይለዋል፤ ከዚያም መጽሐፉን ከገጽ አንድ ይገልጣል። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ ሁለት ፍርዶች በፊት ሊታይ የሚገባውን ታሪክ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። የተገኘ ክሂል ወደ ኋላ መመለሱ በአገራችን አዲስ ጉዳይ አይደለም፤ ከአርባ ዓመታት በፊት በእጅግ ብዙ ጎልማሶች ላይ ደርሷል። በጎልማሶቹ ላይ የደረሰው በምን ምክንያት እንደ ደረሰ ብንመረምር፣ ዛሬ በልጆቹ ፊት የቆመው መምህር ምን ቢያደርግ እንደሚሻል በከፊል ይገለጥልናል የሚል እምነት አለኝ።

ምሳሌዎቼን አብዝቼ የምወስደው ከጌዴኦ፣ በተለይም ከኮቸሬ ወረዳ ዋና ከተማ ከጨለለቅቱና ከአካባቢዋ ነው። ምክንያቱ የግል ነው፤ ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ።

ዘመቻውና ያልተቆጠረው ነገር

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ከመቶ 93 ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመት ነበር። ዘመቻው በመጀመሪያ በከተሞች፣ ቀጥሎም በገጠር፣ ዙር በዙር እየተከታተለ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዘለቀ። ተማሪዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች አስተማሪዎች ሆኑ፤ የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት ዳስ ጣሉ፣ ሰው ሰበሰቡ፣ መብራት አቀረቡ። ትምህርቱ የተሰጠው በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲሆን፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ፊደል ይጻፉ ነበር። ዘመቻው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ።

ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር። በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በጌዴኦ አውራጃ የመደበኛ ትምህርት ቤት ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበረ፣ ቡና ለቅሞ እንሰት ፍቆ የሚኖረው ጎልማሳ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ በእጁ ሲይዝ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ከተማሩት እናቶች አንዷ እናቴ ናት። እኔን በጀርባዋ አዝላ ስሟን መጻፍ እንደ ተማረች ስትተርክልኝ አድጌአለሁ። የምስክር ወረቀቷን ከቤቱ ምሰሶ ላይ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰቅላው ነበር።

የዘመቻው አዘጋጆች የተማረ ሰው ወደ መሃይምነት ሊመለስ እንደሚችል አልዘነጉም። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የተባለውን ክፍል ያቋቋሙት ስለዚህ ነው፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚናገሩ ትንንሽ መጻሕፍት ታተሙ፣ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ፣ ሬዲዮም ረዳ። ሆኖም የሚነበበው ነገር በሁሉም ቋንቋ እኩል አልነበረም። በአማርኛ ጋዜጣም መጽሐፍም ማስታወቂያም ነበረ። በጌዴኦኛ ግን አንዱን መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ሌላ ነገር ለማግኘት ይቸገር ነበር።

በዘመቻው ማብቂያ ገደማ የወጡ መንግሥታዊ መግለጫዎች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ 70 በላይ ደርሷል ይሉ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ እችላለሁ ያለው ከአራት ሰው አንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት በሙሉ በመርሳት ላይ ማላከክ ስሕተት ይሆናል። የዘመቻው አኃዝ ተመዝግበው ፈተናውን ያለፉትን ደምሮ የወጣ ሲሆን፣ በየደረጃው የተላከው ሪፖርት ሁሉ እውነተኛ እንደ ነበር ማንም አይምልም። የቆጠራው አኃዝ በበኩሉ ቤተሰቡን በመጠየቅ የተገኘ ነው። ከዚህም በላይ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ትምህርት ቤት ያልገቡ ብዙ ልጆች አድገዋል። ይሁን እንጂ ከልዩነቱ አንድ ክፍል በእርግጥ የተያዘ ክሂል መጥፋት ነው። የመዝገቡ ዋና ጉድለት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ፈተናውን ያለፈውን ሰው አንድ ጊዜ ቆጠረው እንጂ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ማንበብ ይችል እንደ ሆነ አልጠየቀውም።

እናቴ የሆነችውን ልንገር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለሁ፣ ራሷ እንድታነበው ብዬ በጌዴኦኛ፣ በተማረችበት በፊደል ደብዳቤ ጻፍሁላት። ለዕረፍት ስመለስ ደብዳቤውን ያነበበላት የጎረቤት ልጅ መሆኑን ሰማሁ፤ እርሱም ቢሆን እየተንተባተበ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ጌዴኡፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆነ። ልጁ የራሱን ቋንቋ በላቲን ሲያነብ፣ የኢትዮጵያን ፊደል የሚያውቀው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። በአንድ ቋንቋ የሚናገሩ እናትና ልጅ በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ዓይነት ንባብ ይዘው ተቀመጡ ማለት ነው። የላቲኑን ምርጫ ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው፤ ምርጫው የራሱ ምክንያቶች ነበሩት። ነገር ግን በዘመቻው የተማሩት ጎልማሶች ከልጆቻቸው ደብተር ላይ ይለማመዱት የነበረው ዕድል በዚያው ተቋረጠ፤ ይህንን ያሰበበት ሰው እንደ ነበረ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አልጠፋባትም ነበር፤ አኃዝ። ጨለለቅቱ ገበያ ላይ እሸት ቡና ስታስረክብ የሚዛኑን ቁጥር ራሷ ታነባለች፤ በኪሎ ሒሳቡን ከነጋዴው ቀድማ ታወጣለች። አኃዙንም ፊደሉንም የተማረችው በአንድ ዳስ፣ ከአንድ ዘማች ነው። አንደኛውን ገበያው በየሳምንቱ ሲጠይቃት ኖረ፤ ሁለተኛውን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ከመርሳት በኋላ የሚቀረው

ስለ መርሳት የተደረገው የመጀመሪያው ሥርዓት ያለው ጥናት የጀርመናዊው የሔርማን ኤቢንግሐውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት ራሱ እየሸመደደ፣ በየስንት ጊዜው ምን ያህል እንደሚረሳ ለካ። ጥናቱ በብዛት የሚታወቀው በአንድ ግኝቱ ነው፤ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ የፈጠነ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ለመምህር የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ግኝት ይመስለኛል። ኤቢንግሐውስ ፈጽሞ ረሳሁት ያለውን እንደ ገና ሲያጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወሰደበት ያነሰ ጊዜ ይወስድበት ነበር። ይህም ማለት በጥያቄና መልስ የማይታይ፣ ነገር ግን ዳግመኛ ሲማሩት የሚገለጥ ቅሪት አለ ማለት ነው።

ከዚያ ዕረፍት በአንዱ ምሽት የድሮውን የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ከምሰሶው ሥር አውጥተን ከእናቴ ጋር ተቀመጥን። በመጀመሪያው ምሽት ብዙ ፊደላት አልታወቋትም። በአራተኛው ግን እኔ ሳላሳያት ቃላት መግጠም ጀመረች። «ፊደሉ ነው የሸሸኝ እንጂ፣ ልጄ፣ እኔስ አልሸሸሁትም» አለችኝ። በዳሱ ዘመን ይህ ደረጃ ወራት ወስዶባት እንደ ነበር ታስታውሳለች።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ክሂል ሁሉ እኩል እንደማይጠፋ ነው። ዴቪድ ዋግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በሞሮኮ ከ5ኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ከሁለት ዓመት በኋላ ተከታትለው ሲመረምሩ የንባብ ችሎታቸው እንደ ተፈራው አልጠፋም ነበር። ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካን የክረምት ዕረፍት ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎች በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡ፣ ጉዳቱም በሒሳብ ስሌትና በቃላት አጻጻፍ ላይ እንደሚበረታ አገኙ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ የምንረዳው፣ እስኪዋሐድ ድረስ የተያዘ ንባብ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሲሆን፣ በደንብ ያልረጋና በደንብ ትዝታ ላይ ብቻ የቆመ ክሂል ግን ቶሎ እንደሚሄድ ነው። የቤተ ክህነት መምህር ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀው ነበር። ተማሪው የትናንቱን ሳያሰማ የዛሬውን አይቀበልም፤ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ የሚሸጋገረውም ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ በማንበብ ነው። ዘመናዊው ክፍል የአንዱን ምዕራፍ ደወል ደውሎ ሲዘጋ፣ ይህን ልማድ ከብዙ ሌሎች ጋር ጥሎታል።

ከመርሳት በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄም አለ፤ ልጁ በእርግጥ ያውቀው ነበር ወይ? በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ያልያዙትን ማጣት አይቻልም። መምህሩ «ረሱት» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የክፍሉ ግማሽ ጭራሽ ያልደረሰበት ነው፤ ሕክምናውም ይለያያል።

ከ2010 እስከ 2013፦ የአንዲት ልጅ አራት ዓመታት

በመስከረም 2010 ዓ.ም. በኮቸሬ ገጠር አንደኛ ክፍል የገባችን አንዲት ልጅ እናስብ። በሚያዝያና በሰኔ 2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ጨለለቅቱን ጨምሮ በጌዴኦ ዞን ያሉ ከተሞች በተፈናቃዮች ተሞሉ፤ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆኑ። የልጅቱ የመጀመሪያ ዓመት ሳይሞላ ተቋረጠ። ሁለተኛውን ዓመት፣ ማለትም 2011ን፣ በመጠለያ ወይም በዘመድ ቤት አሳለፈች፤ አብዛኛው ተፈናቃይ ወደ ቀዬው የተመለሰው በዚያ ዓመት ማገባደጃ ገደማ ነው። በ2012 ሦስተኛ ክፍል ተባለች፤ መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ያለ ማጠቃለያ ፈተና እንዲዛወሩ ስለ ተወሰነ፣ በ2013 ዘግይቶ በተከፈተው ዓመት አራተኛ ክፍል ተቀመጠች። በመካከሉ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ የቡናው ለቀማ አለ፤ በዚያ ወቅት በጌዴኦ የትምህርት ቤት ወንበር እንደሚሳሳ የማያውቅ መምህር የለም። ሒሳቡን አንባቢ ያውጣው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ የሁለት ሙሉ ዓመታት ትምህርት አላገኘችም።

በ2013 ሁለተኛ መንፈቅ ከዕጩ መምህራን ጋር ለተግባር ልምምድ በሄድሁበት በዚያ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ልጆች የሞሉበት ክፍል አየሁ። ከዕጩዎቹ አንዱ ትጉህ ወጣት ነበር፤ ሁሉም ረስተዋል ብሎ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ክፍል እያዛጋ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆች ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር በዜማ ፊደል መቁጠሩ አሳፍሯቸው መቅረት ጀመሩ። በጎን ያለው ክፍል የደረሳት ዕጩ ሌላ መንገድ ያዘች። በአንድ ወረቀት ላይ በላይኛው መስመር ፊደላት፣ ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ በመጨረሻ አጭር አንቀጽ ጻፈች። ልጆቹን ለየብቻ ከዛፍ ሥር እያስቀመጠች አስነበበቻቸው፤ የትኛው መስመር ላይ እንደ ቆሙ ብቻ ምልክት አደረገች፤ ነጥብ አልሰጠችም፣ ለክፍሉም አላነበበችም። ሦስት ቀን ፈጀባት። ሦስት ዓይነት ልጆች ተገኙ፦ ፊደሉን ይዘው ንባቡ የዘገየባቸው፣ ጥቂት ፊደላት ብቻ የተደናገሯቸው፣ እንዲሁም ከመጀመሪያውም ያልተማሩ። ከክፍለ ጊዜው እኩሌታውን በእነዚህ ቡድኖች አስተማረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች ወር ሳይሞላ መልሰው አገኙት፤ ሦስተኛው ቡድን የረጅም ጊዜ ሥራ ጠየቀ፤ ይህም የሚጠበቅ ነበር።

በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍል ደረጃ ሳይሆን በሚያነቡበት ደረጃ እየመደበ ያካሄደው ሥራ፣ በደቡብ ኢትዮጵያም ከ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ ከትምህርት ውጭ የቆዩ ሕፃናትን በአሥር ወር የሦስት ክፍል ትምህርት ያስጨረሰው የስፒድ ስኩል ፕሮግራም፣ በመሠረቱ ከዚህች ዕጩ መምህርት አሠራር አይርቅም። ልዩነቱ እርሷ ድርጅትም በጀትም አልነበራትም፤ የነበራት አንድ ወረቀትና ሦስት ቀን ነው።

ከወረቀቷ የተገኘ ሌላ ነገርም አለ። ከተደናገሩት ልጆች አንዳንዶቹ የረሱ አልነበሩም። በጌዴኡፋ የላቲንን ፊደል በአንድ ድምፅ ይማራሉ፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያው ፊደል ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ በአማርኛ ደግሞ ሌላ ሥርዓተ ጽሕፈት ይጠብቃቸዋል። ትምህርቱ ሲቋረጥ ሦስቱ ተቀላቀሉባቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ደጋግሞ ማስጠናት ብቻውን አይረዳውም፤ ድምፆቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

ስለ መከለስ አንድ ቃል ልጨምር። የተመለሰው ክሂል እንዳይሸሽ የሚያደርገው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሚደረግ ረጅም ክለሳ አይደለም። በየቀኑ ትምህርቱ ሲጀመር አምስት ደቂቃ የትናንቱን፣ የባለፈው ሳምንቱንና የባለፈው ወሩን አንዳንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበልጣል፤ ተማሪውም መጽሐፉን ሳይከፍት ከራሱ እንዲያወጣ ይሁን። በሒሳብ ደግሞ ለቡና አብቃይ ልጅ ሚዛኑን ወደ ክፍል ማምጣት ነው። በሰሌዳ ላይ መቀነስ አቅቶት የነበረ ልጅ የእሸቱን ኪሎ ከነከረጢቱ መዝኖ የከረጢቱን ክብደት ሲቀንስ አይቻለሁ። ያልጠፋው ቅሪት አንዳንዴ የሚገኘው ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ክፍል ሙሉ ልጆች ነው። አንድ ልጅ ብቻውን፣ ጓደኞቹ እየቀጠሉ፣ የነበረውን ችሎታ ሲያጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጆሮው አልሰማ ወይም ዓይኑ አላይ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚመለስ ልጅ የሚጥል በሽታ ይኖርበት ይሆናል፤ ንግግሩን ወይም የእጁን ቅልጥፍና እየተወ የመጣ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መላክ አለበት። ከግጭቱ በኋላ በጌዴኦ ያየናቸው አንዳንድ ልጆች ደግሞ አባት ወይም ወንድም የሞተባቸው ነበሩ። ለእነርሱ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በየጠዋቱ ስማቸውን የሚጠራ፣ ሲቀሩ ቤታቸው ድረስ የሚጠይቅ መምህር እንጂ ተጨማሪ መልመጃ አይደለም።

ለዕቅድ አውጪዎች ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። የጌዴኦ የቡና አትክልት፣ የእንሰቱና የዛፉ አቀማመጥ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያን መልክዓ ምድር የሚሠሩት እጆች የልጆችም ናቸው። የትምህርት ዘመኑ የለቀማውን ሳምንታት እንዳላየ ሆኖ ሲያልፍ በየዓመቱ አንድ ትንሽ መቋረጥ በገዛ እጃችን እንፈጥራለን። ከለቀማው መልስ፣ በጥር ማብቂያ፣ ሁለት ሳምንት ለምርመራና ለመልሶ ማስተማር ቢመደብ ከዓመቱ ምዕራፎች አንዱ ይቀር ይሆናል፤ ቢቀር ይሻላል። ማንኛውም የማካካሻ መርሐ ግብርም በተጠናቀቀ በስድስተኛው ወር እነዚያኑ ልጆች መልሶ የሚመዝንበት ቀን ከመነሻው በዕቅዱ ላይ ይጻፍ። ለጎልማሶቹ ይህ አልተደረገላቸውም።

እኛም በኮሌጃችን የዚያችን ዕጩ ወረቀት በጥቂቱ አሻሽለን፣ በጌዴኡፋና በአማርኛ ለየብቻ አዘጋጅተን፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጣ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲጠቀምበት እናደርጋለን። ባለፈው ዓመት አንድ ዕጩ የወረቀቱን ትርፍ ቅጂ ወደ ጨለለቅቱ ይዞልኝ ሄዶ ለእናቴ ሰጣት። የአማርኛውን እስከ ሦስተኛው መስመር አነበበች፤ የጌዴኡፋውን ወረቀት ግን ገልብጣ አይታ ለልጅ ልጇ አሳለፈችው።